ከጓሮ ጥግ የምትሠራ አንዲት ክፍል

ከወር ደመወዝም ሆነ ከጉልት ገበያ ትርፍ ቆንጥራችሁ ልጆች የምታሳድጉ እናቶች፣ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቤት ኪራይ ነው። የቤት ኪራይ ሲነሣ ብዙዎቻችን የሚታየን ወር ጠብቀን የምንከፍለው ገንዘብ ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ጉዳዩን በአከራይዋ ወገን ሆነን እናየዋለን። አነስተኛ ገቢ ያላት ሴት በጥቂት ገንዘብ ተነሥታ የኪራይ ገቢ ልታገኝ ትችላለች ወይ? ከቻለችስ የሚያዋጣት መንገድ የትኛው ነው? የሚያከስራትስ?

«ይህ የባለጸጎች ወሬ ነው» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ባለ ፎቅ ሠርቶ ለማከራየት የሚበቃ ገንዘብ በደመወዝተኛ እጅ እንደማይገኝ ግልጽ ነው። ነገር ግን በደብረ ታቦርም ሆነ በወረታ፣ በክምር ድንጋይ፣ በንፋስ መውጫና በመካነ ኢየሱስ ተዘዋውሮ የተመለከተ ሰው፣ መምህሩም ነርሷም ተማሪውም ተከራይተው የሚኖሩባቸው ክፍሎች አብዛኞቹ ባለ ፎቅ አለመሆናቸውን ያውቃል። ከባለቤቲቱ ዋና ቤት ኋላ ወይም ጎን፣ በባሕር ዛፍና በጭቃ የተሠሩ፣ ቆርቆሮ የለበሱ፣ «ሰርቪስ» የምንላቸው ክፍሎች ናቸው። የዛሬው ጉዳያችንም ይህችው አንዲት ክፍል ናት።

ደብረ ታቦር እንግዳ ማሳደር የጀመረችው ዛሬ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ መናገሻቸው ባደረጓት ጊዜ ሠራዊቱና ነጋዴው ይሰፍርባት ነበር፤ በአቅራቢያዋ ባለችው በጋፋትም «ሴባስቶፖል» የተባለውን መድፍ ያቀለጡት የውጭ አገር ባለሙያዎች ከነቤተሰባቸው ኖረዋል። ዛሬ ደግሞ የደቡብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ስለሆነች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ሆስፒታል፣ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅና በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ዩኒቨርሲቲ አላት። ከሌላ አገር ተዛውሮ የሚመጣ ሠራተኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የሚከራይ ክፍል የት አለ?» ብሎ ነው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ በአብዛኛው በግቢው ማደሪያ ያድራል። ከፋርጣና ከአካባቢው የገጠር ቀበሌዎች ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚመጡት ልጆች ግን ማደሪያ የላቸውም። ሁለትም ሦስትም ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ ቅዳሜ ሲሆን ወደ ቤታቸው ወጥተው እንጀራቸውን፣ ድርቆሻቸውን፣ ሽሯቸውንና በሷቸውን ተሸክመው እሑድ ማታ ይመለሳሉ። እነዚህ ልጆች ብዙ ሰው ልብ የማይላቸው ደንበኞች ናቸው። ወደ እነሱ በኋላ እንመለሳለን።

ስለ ኪራይ ቤት ሲነገር የ1967 ዓ.ም.ን ነገር ዘሎ ማለፍ አይቻልም። በዚያ ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በአንድ በኩል የብዙ ቤት ባለቤት የነበሩት ታላላቅ አከራዮች ቤታቸውን ለቀቁ፤ የአነስተኛ ቤቶች ኪራይም ተቀነሰ። ለብዙ ድኻ ተከራይ ትልቅ እፎይታ ነበር። በሌላ በኩል ግን ሁለትና ሦስት ክፍል አከራይተው የሚኖሩ መበለቶችና አሮጊቶችም ነበሩ፤ የእነርሱም ክፍል ትርፍ ቤት ተብሎ ተወሰደ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ የገቡ ሲሆን፣ «የቀበሌ ቤት» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። እንግዲህ ያንን ዘመን ያዩ እናቶቻችን «ጓሮሽ ውስጥ ክፍል ጨምሪ» ሲባሉ ቢያመነቱ ከምንም ተነሥተው አይደለም።

ዛሬ ሕጉ ሌላ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ቢደነግግም፣ በመሬቱ ላይ በገንዘባችሁና በጉልበታችሁ የሠራችሁት ቤት የግል ንብረታችሁ ነው። አንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደር፣ የመጠቀምና የማስተላለፍ መብት እንዳላቸው በግልጽ ያስቀምጣል። ይሁን እንጂ መብቱ የሚሠራው ወረቀቱ በእጅ ሲኖር ነው። ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት የይዞታ ማረጋገጫችሁን ከሳጥን አውጥታችሁ ተመልከቱት። የማን ስም ነው ያለበት? የቦታው ስፋት በወረቀቱ ላይ ካለው ጋር ይስማማል? ነባር ይዞታ ነው ወይስ የሊዝ?

ከከተማው ጠርዝ ወጥቶ ከገበሬ ላይ ቦታ በርካሽ ገዝቶ ሌሊት ክፍል መትከል የሚቀልል የሚመስላቸው አሉ። «የጨረቃ ቤት» የሚባለው ይኸው ነው። ርካሽነቱ ለጊዜው ነው። እንዲህ ያለው ቤት ይዞታ የለውም፣ በዋስትና አይያዝም፣ ሊፈርስ ሲመጡም ካሳ አይጠየቅበትም። በዕቁብ ያጠራቀማችሁትን ገንዘብ እዚያ ከምታፈሱ ብሩን በመቀነታችሁ ይዛችሁ ብትቀመጡ ይሻላል። በገዛ ግቢያችሁ ውስጥም ቢሆን ከከተማው አስተዳደር የግንባታ ፈቃድ መጠየቅ አለባችሁ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በምድብ ይከፍላል፤ ባለ አንድ ወለል አነስተኛ ቤት ምድብ «ሀ» ውስጥ የሚገባ ስለሆነ የሚጠየቀው ፕላን ቀላል ነው።

አሁን ብዙ ጊዜ በኀፍረት ወደሚታለፍ ነገር እንምጣ። ክፍሏ የምትሠራው በማን ስም ነው? ሚስት ዕቁብ ጥላ፣ ጭቃ አስረግጣ፣ ለሠራተኛ ምሳ ቀቅላ የምታሠራት ክፍል በባል ስም ባለው ግቢ ውስጥ የምትቆም ከሆነ፣ ትዳሩ ሰላም እስካለ ድረስ ማንም አይጠይቅም። ጥያቄው የሚመጣው ትዳሩ ሲፈርስ ወይም ባል ሲሞትና ወራሾች ከየአቅጣጫው ሲሰበሰቡ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ሀብት የጋራ መሆኑን ይደነግጋል፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። በፌዴራሉ ሕግ መሠረት የጋራ የሆነን ቤት ለመሸጥ፣ በዋስትና ለማስያዝም ሆነ ለማከራየት የባልና የሚስት ስምምነት ያስፈልጋል። ሌላም ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ፤ ቤቱ ከጋብቻ በፊት የተገኘ የአንደኛው ወገን የግል ንብረት ቢሆን እንኳ ከእሱ የሚገኘው ኪራይ የጋራ ገቢ ነው። ስለዚህ ግቢው ከድሮ ጀምሮ በባል ስም ብቻ የተያዘ ከሆነ፣ የቆርቆሮውንና የሚስማሩን ደረሰኝ፣ የዕቁቡንም ሰነድ በስማችሁ ያዙ፤ ክፍሏ በጋራ ገንዘብ የተሠራች መሆኗን የሚገልጽ ስምምነትም በምስክሮች ፊት ጻፉ። ይህን ማድረግ ባልን መጠርጠር የሚመስላት ሴት ትኖር ይሆናል። የእድር መዋጮ ደረሰኝ ስንቀበል ግን ጸሐፊውን ሌባ ብለን አይደለም።

እስቲ ወረቀትና እርሳስ አንሡና አብረን እናስላ። የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ለስሌት እንዲያመቹ የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። የቆርቆሮና የሲሚንቶ ዋጋ ከወር ወር ስለሚለዋወጥ እናንተ በየከተማችሁ ያለውን ጠይቃችሁ በቦታው ተኩ።

እንበልና ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነች አንዲት ክፍል፣ ዕቃውን ሁሉ በግዢ፣ ጉልበቱንም ሁሉ በቅጥር አድርጋችሁ ስታሠሩ 90,000 ብር ፈጀች። ኪራይዋ በወር 1,200 ብር ነው። ብዙ ሰው ይህን በዐሥራ ሁለት አባዝቶ «በዓመት 14,400 ብር አገኛለሁ» ብሎ ይደሰታል። እንዲህ ማስላት ራስን ማታለል ነው። አንዱ ተከራይ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ድረስ ክፍሏ ባዶዋን ትውላለች፤ ተማሪ ያከራየች እናት ደግሞ ክረምት ላይ ተከራይ የላትም። ስለዚህ የዐሥር ወር ኪራይ ብቻ ቁጠሩ፤ 12,000 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ ለጥገናና ለግብር 2,000 ብር ቀንሱ። በእጅ የሚቀረው 10,000 ብር ነው። በዚህ ሂሳብ የወጣው 90,000 ብር የሚመለሰው በዘጠኝ ዓመት ነው።

ያንኑ 90,000 ብር በዓመት ከመቶ 18 ወለድ ተበደራችሁት ደግሞ እንበል። የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 16,200 ብር ነው። ክፍሏ የምታስገባው 10,000 ብር! ከዋናው ብድር ምንም ሳይከፈል ወለዱ የክፍሏን ገቢ በሙሉ ጠርጎ ወስዶ፣ ከደመወዛችሁ ላይ ሌላ 6,200 ብር ይጠይቃል። ጉድለቱን የሚሸፍነው የልጆች ጉሮሮ ነው። «በሰው ገንዘብ ቤት ሠርቶ በተከራይ ገንዘብ ብድር መክፈል» የሚለው ምክር ወለዱ ዝቅተኛ፣ የመክፈያው ዘመንም ረጅም በሆነባቸው አገሮች ይሠራ ይሆናል። በእኛ ከተማ፣ በጭቃ ክፍል፣ በተራ ብድር ግን ስሌቱ አይወጣም። አማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በኋላም ወደ ባንክነት ተለውጦ ፀደይ የተባለው፣ ለብዙ ሴቶች የንግድ መነሻ ሰጥቷል። እንዲህ ያለው ብድር ጠላ ለሚጠምቁ፣ በግ ለሚያደልቡ፣ እህል ለሚነግዱ፣ ገንዘቡን በወራት ውስጥ ለሚያመላልሱ ሴቶች ነው። ክፍል ግን ገንዘብ የምትመልሰው እያዘገመች ነው፤ ፈጥኖ ከሚጠየቅ ብድር ጋር አትጣመርም።

በዚህ አገር በአነስተኛ ቅድመ ክፍያ አከራይ የሆነ ሰው የለም ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ የተጀመረውን የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ እናስታውስ። በ20/80 መርሐ ግብር የተመዘገበ ሰው ከቤቱ ዋጋ ከመቶ 20ውን ከፍሎ የቀረውን ለረጅም ዓመት በሚከፈል የባንክ ብድር ይሸፍን ነበር፤ ከቤቶቹም ከመቶ 30ው ለሴቶች የተመደበ ነበር። ዕጣ ከወጣላቸው መካከል ብዙዎቹ ገብተው አልኖሩበትም። ቤቱን አከራይተው፣ እነርሱ ኪራዩ ዝቅ ባለ ክፍል ተጠግተው፣ በሚያገኙት ኪራይ የባንኩን ዕዳ ከፍለዋል። ይህ የሠራው ቤቱ ከገበያ ዋጋ በታች ስለተሰጠ፣ ብድሩም ረጅም ስለነበረ ነው። እንዲህ ያለ ዕድል ባለበት ከተማ የምትኖሩ አንባቢያን መመዝገብና በየወሩ ሳያቋርጡ መቆጠብ ይገባችኋል። የጭቃ ክፍል የምትሠራው እህታችሁ ግን ሌላ ምንጭ ትፈልግ።

ያ ምንጭ ዕቁብ ነው። ሃያ ሴቶች በወር ሁለት ሁለት ሺህ ብር ቢጥሉ ዕጣው 40,000 ብር ይሆናል። ወለድ የለውም። ቦታ ዋስትና አይዝም፤ ዋሱ የሰው ፊት ነው። 40,000 ብር ግን የ90,000 ብር ክፍል አይሠራም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ስለዚህ ወጪው ከሌላ በኩል ይቀንስ። የፋርጣና የጋይንት ገበሬ በማሳው ዳር ባሕር ዛፍ አለው፤ ከከተማዋ ሴቶችም ብዙዎቹ ገጠር ያለ አባት ወይም ወንድም አላቸው። ቋሚውና ማገሩ ከዚያ ቢመጣ፣ ጭቃው በደቦ ቢመታ፣ ወጪው ወደ 60,000 ብር ይወርዳል እንበል። በመጀመሪያው ዕጣ ግድግዳውና ጣሪያው ይቆማል። የቀረው 20,000 ብር ለወለሉ፣ ለበሩና ለልስኑ ቀስ ብሎ ይመጣል። በዚህ ሂሳብ ያው 10,000 ብር የዓመት ገቢ ወጪውን በስድስት ዓመት ይመልሳል። ከዘጠኝ ዓመት ሦስቱን የቀነሰው የወንድም ባሕር ዛፍና የጎረቤት እግር ነው ማለት ነው። ዕጣው ቀድሞ ከወጣላችሁ ደግሞ ለቀሪዎቹ ወራት ከምትጥሉት 2,000 ብር ውስጥ 1,200ውን ተከራያችሁ ይከፍልላችኋል።

ዕጣው መጨረሻ ላይ ቢወጣ ምን ይደረጋል? በብዙ ዕቁብ ቀድሞ ከደረሰው ሰው ላይ ዕጣ መግዛት የተለመደ ነው። ለመግዛት የሚጨመረው ገንዘብ ግን ወለድ መሆኑን አትርሱ፤ ከላይ እንዳሰላነው አስሉት። እኔ የምመክረው መጠበቅን ነው። ዕጣው ሰኔ ወይም ሐምሌ ላይ ቢወጣ በዝናብ ሥራ አትጀምሩ፤ ቆርቆሮውን ግን በዚያው ጊዜ ገዝታችሁ ከደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ዋጋው ሲወጣ እንጂ ሲወርድ የምናየው ከስንት አንዴ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለጤፍና ለትምህርት ቤት የሚሆነውን ገንዘብ ወደ ዕቁብ አታስገቡ። ዕቁብ ያቋረጠች ሴት ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ስሟንም ታጣለች።

ቦታ የሌላት ሴትስ? ለእሷ መንገዱ ረዘም ይላል። በሥራ ቦታዋ የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ሲደራጅ መግባት አንዱ ነው፤ ለግንባታው የሚጠየቀው ገንዘብ በዝግ ሂሳብ የሚቀመጥ ስለሆነ አስቀድሞ ቁጠባ ይፈልጋል። ሌላው፣ ሰፋ ያለ ቤት ተከራይቶ ትርፉን ክፍል ለሌላ ማከራየት ነው። ይህ የሚሆነው የባለቤቱ ፈቃድ በጽሑፍ ሲገኝ ብቻ ነው። ያለ ፈቃድ የተደረገ እንደሆነ ሁለት ቤተሰብ በአንድ ቀን ሜዳ ላይ ይወድቃል።

ወደ ሥራው እንግባ። ባሕር ዛፉ በበጋ ይቆረጥ፤ ልጡ ተልጦ ከጥላ ሥር ይድረቅ። እርጥብ ዛፍ ላይ የተመታ ጭቃ ዛፉ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ወደ መሬት የሚገባውን የቋሚውን ጫፍ በእሳት መለብለብ ወይም የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት ምስጥንና ብስባሴን ያዘገያል። ከዚህም የሚሻለው ግድግዳውን ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ማስነሣት ነው፤ በደብረ ታቦር ዙሪያ ድንጋይ አይቸግርም። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀን ይደር። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ መሰንጠቁ የማይቀር ስለሆነ አትደንግጡ፤ በደንብ ሳይደርቅ ግን ሁለተኛውን አትደርቡበት። የቆርቆሮው ክፈፍ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ጥላ እንዲሆነው አድርጉ፤ ከዋናው ቤት ጣሪያ የሚወርደው ውኃ የሚሄድበት ቦይም አስቀድሞ ይቆፈር። የጭቃ ቤት ጠላቱ ከላይ የሚመጣው ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ከመሬት ፈናጥሮ ግድግዳውን የሚገርፈውም ያው ነው። ቆርቆሮ ስትገዙ ጌጁን ጠይቁ። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 32 ጌጅ ከ28 ጌጅ ርካሽ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሻጩ ይህን ሁልጊዜ አይነግራችሁም።

ገንዘብ ሲያጥር ብዙዎች የሚቀንሱት ሽንት ቤቱንና ውኃውን ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። አንዲት ክፍል ጨምራችሁ የቤተሰቡን ሽንት ቤት ለአምስት ተጨማሪ ሰው ከምታካፍሉ፣ ክፍሏን ስድስት ወር አዘግይታችሁ ጉድጓዱን ብታስቆፍሩ ይበልጣል። ውኃ በየቀኑ በማይመጣበት ከተማ ደግሞ ሮቶ ወይም በርሜል ያለው ግቢ ተከራይ አያጣም። የመብራቱን ነገርም አትናቁ። በአንድ ቆጣሪ ላይ አምስት ምጣድ ሲጣድ ሽቦው ይግላል፤ ወር ሲደርስም ጠብ ይነሣል። ለተከራዩ የራሱ ቆጣሪ የማይገባለት ከሆነ የመብራቱ ሂሳብ እንዴት እንደሚካፈል ገና ሲገባ በውሉ ላይ ይጻፍ።

ስለ ውሉ ካነሣን፣ በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ወጥቷል። በዚህ አዋጅ መሠረት ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ክፍያው የሚፈጸመው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። በክልሎች አዋጁ የሚሠራው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ስለሆነ የእናንተ ከተማ መካተቷን ከአስተዳደሩ ጠይቁ። ግብሩን በተመለከተ ደግሞ የኪራይ ገቢ በሠንጠረዥ «ለ» ይከፈላል። የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለ ስለሆነ ጎረቤት ከዓመታት በፊት የከፈለችውን ይዛችሁ አታስሉ፤ ወደ ገቢዎች መሥሪያ ቤት ሄዶ አዲሱን ማወቅ ይበጃል።

አሁን እንመለስባቸዋለን ወዳልኳቸው ተማሪዎች እንምጣ። ለአከራይዋ ጥሩ ደንበኞች ናቸው። ይሁንና ትምህርት ሲቋረጥ ገቢውም አብሮ ይቋረጣል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በደረሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች የተዘጉ መሆናቸው የሚታወቅ ነው፤ ልጆቹ ሳይመጡ ሲቀሩ ክፍሉ ባዶ ይሆናል። ሁለት ክፍል የምትሠሩ ከሆነ አንዷን ለተማሪ፣ አንዷን ለደመወዝተኛ ማድረጉ የሚሻለው ለዚህ ነው።

የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከእናቷ ተለይታ ስትመጣ አከራይዋ የምትቀበለው ኪራይ ብቻ አይደለም። ያቺ ልጅ ማታ ሽንት ቤት ስትወጣ ግቢው መብራት ይኑረው። በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ ጠንካራ መቀርቀሪያ ይኑረው። ሴት ተማሪዎችን ከአጠገባቸው ካለ የጎረምሶች ክፍል ጋር በአንድ ስስ የጣውላ ግድግዳ ብቻ ከፍሎ ማከራየት፣ ኪራዩ እጥፍ ቢሆንም ልማድ ሊሆን አይገባም። የወላጆቿን ስምና ቀበሌ ገና ስትመጣ መዝግቡ። ከገጠር የሚመጣ አባት «እንደ ልጅሽ እያት» ብሎ ሲሄድ እሺ ካላችሁ በኋላ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አለመግባቷን አለማወቅ አይቻልም።

የብርዱ ነገር ደግሞ አለ። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው፤ ደብረ ታቦርም ደጋ ናት፤ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ ይቆረጥማል። ልጆቹ ሽሮ የሠሩበትን ከሰል ለሙቀት ብለው ክፍል ውስጥ አድርገው፣ በሩን ዘግተው፣ ቀዳዳውን በጨርቅ ወትፈው ይተኛሉ። ከከሰሉ የሚወጣው መርዘኛ አየር አይታይም፣ አይሸትም፤ በእንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ስለዚህ ክፍሏ ስትሠራ በግድግዳው አናት፣ ከጣሪያው ሥር፣ የማይደፈን የአየር መውጫ ይተውላት፤ መስኮቷም የሚከፈት ይሁን። ከሰል ይዞ መተኛት የተከለከለ መሆኑን በቃል መናገር ብቻ አይበቃም፤ አንዳንድ ማታ በሩን አንኳኩታችሁ እዩ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ፈተና ሲያልቅ ልጆቹ ወደ አገራቸው ይሄዳሉ፤ ሳጥናቸውንና ፍራሻቸውን ግን እዚያው ትተው ነው። የሐምሌና የነሐሴ ኪራይ ይከፈላል ወይስ አይከፈልም የሚለው በየዓመቱ ቅሬታ ያመጣል። አንዳንዷ ሙሉውን ትጠይቃለች፣ አንዳንዷ ግማሹን፣ አንዳንዷ ደግሞ ዕቃቸውን ወደ ራሷ ቤት አግብታ ክፍሏን ታስለስናለች። የመጨረሻው ለእኔ የተሻለ ይመስለኛል፤ ግድግዳው ባዶ ሆኖ የሚገኘው ያኔ ብቻ ነውና። የትኛውንም ብትመርጡ ግን ልጆቹ ሳጥናቸውን ይዘው ሊገቡ ሲመጡ፣ መስከረም ላይ፣ ከወላጆቻቸው ጋር ተነጋግራችሁ በውሉ ላይ አስፍሩት።